ራምቦ ከሐረር በፊት

ሐረር ውስጥ «ራምቦ» የሚለው ስም ሁለት ባለቤት አለው። አንደኛው ግንባሩን በጨርቅ ሸብ አድርጎ መትረየስ የታጠቀው፣ በቪዲዮ ቤት ዘመን ያደገ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው የአሜሪካ ፊልም ጀግና ነው። ሁለተኛው በግንቡ ውስጥ ቡናና ቆዳ ሲያስመዝን የኖረ፣ ፊቱን ፀሐይ የጠበሰው ፈረንሳዊ ነጋዴ ነው። ቱሪስቱ የሚመጣው ለሁለተኛው ነው፤ የሰፈሩ ልጆች «ራምቦ! ራምቦ!» እያሉ ሲከተሉት ግን የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ እነሱም ሳይምታታባቸው አይቀርም። በስሙ የሚጎበኘው ቤትም ቢሆን የእሱ አይደለም። ባለቀለም መስተዋት መስኮት ያለውን ያንን ያማረ የእንጨት ፎቅ ያሠራው አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ሲሆን፣ ያሠራውም አርተር ራምቦ ከሞተ በኋላ ነው። ሰውየው ባልኖረበት ቤት ይታያል፤ በኖረው ኑሮ ልክ ግን አይነገርለትም። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ስላልተነገረው ነው።

ነጋዴውንማ እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ፣ ከተማይቱ በግብፆች እጅ ሳለች፣ የአንድ የፈረንሳይ ንግድ ቤት ወኪል ሆኖ ከኤደን መጣ። በ1887 ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ በታጁራ በረሃ አስጭኖ ሸዋ ደረሰ፤ ንጉሥ ምኒልክን አንኮበር ሲያጣቸው እስከ እንጦጦ ተከትሎ ሸጠላቸው፤ በሒሳቡም ተከራክሮ ተረታ። አዲስ አበባ ገና ስትቆረቆር የሸገርን ተራራ የረገጠ ሰው ነው። ሐረር ተመልሶም የኋላውን ራስ መኰንንን ተወዳጀ፤ የራሱን መደብር ከፈተ። በ1891 ጉልበቱ አብጦ መራመድ ሲሳነው 16 ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ባሕሩ አወረዱት። ማርሴይ ላይ እግሩን ተቆርጦ፣ በዚያው ዓመት በ37 ዓመቱ አረፈ። ይህን ሁሉ አስጎብኚዎቻችን በቃላቸው ይወጡታል።

ታዲያ ይህ ነጋዴ ሐረር ሲገባ 26 ዓመቱ ሲሆን፣ ግጥም መጻፍ ከተወ አምስት ዓመት ያህል አልፎት ነበር። ዓለም ስሙን የሚያነሣው ከዚያ በፊት፣ ማለትም ከ15 እስከ 20 ዓመቱ ድረስ በጻፈው ነው። የልጅነቱ ዘመን ደግሞ ያለ ፓሪስ፣ ፓሪስም ያለ ፖል ቬርሌን አይተረክም።

በ2009 ዓ.ም. ለአንድ መጽሔት የጉዞ ማስታወሻ ልጽፍ ሐረር ሄጄ ነበር። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ይዤ፣ ከየትኛውም ዝግጅት ክፍል ደመወዝ ሳልቆርጥ በጽሑፍ ዋጋ የምኖር ሰው ነኝና አበል የሚባል ነገር አላውቅም፤ ስለዚህ ለአስጎብኚ የከፈልሁትን እያንዳንዷን ብር ጥያቄ ጠይቄ ማስመለስ ነበረብኝ። አስጎብኚዬ ጨዋና አንባቢ ወጣት ነው። ዘመኑንም፣ የጠመንጃውንም ነገር፣ ራምቦ በራሱ ካሜራ ሐረር ላይ የተነሣቸውን ፎቶግራፎችም አስረዳኝ። «ፓሪስ ሳለ ከቬርሌን ጋር የነበረውንስ ለጎብኚ ትናገራለህ?» አልሁት። ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፈረንጆቹ ራሳቸው ያውቁታል። ለእኛ ሰው ግን... ወንድሜ፣ እሱ ነገር ይለፈን» አለኝ። አልፈረድሁበትም። የሚኖረው እዚያው ከተማ ነው፤ እንጀራውም በአፉ ነው። ነገር ግን «እሱ ነገር ይለፈን» ሲል ያለፈው የሰውየውን ግማሽ ዕድሜ ነበር።

እንግዲህ ከመጀመሪያው እንነሣ። ልጁ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1854 በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ሻርልቪል በምትባል ከተማ ነው። አባቱ ሻምበል ነበር፤ ልጁ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ቤቱን ጥሎ ሄደ፤ አልተመለሰም። እናቱ ቆፍጣና የገበሬ ልጅ፣ ሃይማኖቷን አጥባቂ፣ ሣቅ የማይቀናት ሴት ነበረች። ልጁ ትምህርት ቤት ውስጥ በላቲን ግጥም እየገጠመ ሽልማት ይሰበስብ ጀመር። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ የእኛው የቅኔ ተማሪ ነው። ማንም በማይነጋገርበት ቋንቋ መግጠም፤ በመምህር ፊት ቆሞ መፈተን፤ በሰዋስው ተጠፍሮ ነፃነትን መፈለግ። ጎጃም ተወልዶ ቢሆን ኖሮ ዋሸራ ወይም ጎንጅ በገባ ነበር።

የቅኔ ተማሪ ደግሞ ከቤቱ ይጠፋል። ይህ ልጅም ጠፋ። በ1870 አንድ ወጣት መምህር፣ ኢዛምባር የሚባል፣ መጻሕፍት እያዋሰ ዐይኑን ከፈተለት፤ እናቲቱ ግን የቪክቶር ሁጎን መጽሐፍ ለልጄ እንዴት ትሰጣለህ ብላ የክስ ደብዳቤ ጻፈችበት። በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ፣ የተሟላ ቲኬት ሳይቆርጥ ባቡር ተሳፍሮ ፓሪስ ገባ። ከጣቢያው በቀጥታ ወደ እስር ቤት ተወሰደ። መምህሩ አስፈታው፤ እናቱ ዘንድ ተመለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ዳግመኛ ጠፋ። በእኛ አገር ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንጠልጥሎ፣ ከመንደር ውሻ ጋር እየታገለ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለውን ልጅ ማኅበረሰቡ ያውቀዋል፤ ጉርሻ ይሰጠዋል። ለሻርልቪሉ ልጅ እንዲህ ያለ ቦታ አልተዘጋጀለትም፤ ፖሊስ ብቻ ነበር።

በግንቦት 1871፣ በ16 ዓመቱ፣ ሁለት ደብዳቤ ጻፈ፤ አንዱን ለኢዛምባር፣ ሌላውን ፖል ደምኒ ለሚባል ገጣሚ። አሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ ገጣሚ ባለራእይ መሆን አለበት፤ ባለራእይ የሚሆነውም የስሜት ሕዋሳቱን ሁሉ ሆን ብሎ፣ ለረጅም ጊዜ፣ በስሌት በማናጋት ነው። ይህ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት አእምሮ ይከፍታል እየተባለ የሚጠጣ፣ ያልቻለውን ደግሞ ለዕብደት የሚዳርግ አብሾ የሚባል ነገር እንዳለ ከአያቶቻችን ሰምተናል። የፓሪስ ገጣሚዎችም በዘመኑ አብሳንት የሚሉት አረንጓዴ መጠጥ ነበራቸው። የስሙ መመሳሰል አጋጣሚ ነው፤ የፍላጎቱ መመሳሰል ግን አጋጣሚ አይመስለኝም።

በዚያ ክረምት ግጥሞቹን በጊዜው ስሙ ለታወቀው ለቬርሌን ላከ። ቬርሌን ጠራው፤ የባቡር መሳፈሪያም ተላከለት። በመስከረም 1871 መጨረሻ ልጁ ፓሪስ ሲደርስ ከተማይቱ ቁስሏ አልጠገገም፤ የፓሪስ ኮሙን በደም ከታፈነ ገና አራት ወር ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱና የቱይልሪ ቤተ መንግሥት በእሳት የጠቆረ ግድግዳቸው ቆሟል። በዚህች ከተማ ሞንማርትር ሰፈር፣ ቬርሌን ሚስቱን ማቲልድን ይዞ በአማቶቹ ቤት ይኖራል። ማቲልድ ገና 18 ዓመቷ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ አንድ ወር ቀርቷታል። በዚያ ቤት በር ላይ ትልልቅ እጅና እግር ያለው፣ ልብሱ ያጠረው፣ ፊቱ የልጅ የሆነ የባላገር ጎረምሳ ቆመ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ቬርሌን ወደ ገጣሚዎች የእራት ማኅበር ወሰደው። ልጁ ተነሥቶ ያለ ቀዛፊ ስለምትንሳፈፍ መርከብ የጻፈውን ረጅም ግጥም አነበበ። በዚያን ጊዜ ባሕር የሚባል ነገር በዐይኑ አላየም። አዳራሹ ተደነቀ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ ለወጣት ገጣሚ የሕይወት ታላቁ ምሽት ነው። አንድ ከተማ ሙሉ ቆሞ «የት ነበርህ?» ሲልህ ማለት ነው።

ግን የኪነ ጥበብ ከተማ ፍቅር ዕድሜው አጭር ነው። ከአማቶቹ ቤት በሁለትና ሦስት ሳምንት ወጣ። አንዱ ገጣሚ ክፍል ሰጠው፤ ሌላው አስጠጋው፤ በመጨረሻም በካርቲዬ ላተን፣ «ዙቲስት» ብለው ራሳቸውን የሰየሙ ገጣሚዎችና ሠዓልያን በሚሰበሰቡበት ሆቴል ማደሪያ አገኘ። የተሰጠውን ክፍል ያቆሽሻል፤ የሰው ግጥም ሲነበብ ይሳደባል። በ1872 መጀመሪያ ላይ በአንድ እራት ማታ አንባቢውን እየዘለፈ አላስነብብ ሲል ፎቶግራፍ አንሺው ካርዣ ተቆጣው፤ ልጁ ጎራዴ ያለበትን ምርኩዝ መዝዞ ካርዣን አቆሰለው። ዛሬ በመጻሕፍት ሽፋንና በቲሸርት ላይ የምናየውን ያንን የ17 ዓመት ፊት ያነሣው ይኸው ካርዣ ነው። ከዚያ በኋላ ከእራቱ ታገደ። ከተማይቱ በስድስት ወር ውስጥ አንግሣ አባረረችው።

የተባረረው በጠባዩ ብቻ ነውን? አይደለም። ቬርሌንና ራምቦ ይፋቀሩ ነበር። ይህ ሐሜት ሳይሆን በደብዳቤያቸው፣ በሥራዎቻቸውና በፍርድ ቤት መዝገብ የተመሰከረ ነው። እዚህ ላይ የአማርኛ ጸሐፊ ቃል ይቸግረዋል። በእጃችን ያለው ዋነኛ ቃል «ግብረ ሰዶም» ነው፤ ቃሉ ራሱ ክሱንም፣ ማስረጃውንም፣ ፍርዱንም ባንድ ላይ የተሸከመ ነው፤ ከእሱ በኋላ የሚባል ነገር አይኖርም። ሌላው «የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር» የሚለው ደግሞ ከቢሮ ሰነድ የተተረጎመ ይመስላል፤ ማንም በዚህ ስም ተጠርቶ አያለቅስም፣ አይስቅም። አንዱ ይገድላል፤ ሌላው ያደርቃል። እኔ እንግዲህ «ይፋቀሩ ነበር» ብዬ አልፋለሁ፤ ይህን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን።

በፈረንሳይ ይህ ነገር እ.ኤ.አ. ከ1791 ወዲህ በሕግ አያስቀጣም ነበር። በእኛ አገር የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ይቀጣል። ነገር ግን ፓሪስ ላይ ሕግ የተወውን ጋዜጣ ያዘው። በኅዳር 1871 ሁለቱ ቴአትር ቤት አብረው ታዩ። በማግሥቱ አንድ ጋዜጣ ዕውቁ ገጣሚ ቬርሌን ክንዱን ለአንዲት ውብ ወጣት፣ ለ«ወይዘሪት ራምቦ» ሰጥቶ ይንሸራሸር እንደነበር ጻፈ። የጻፈው ሰው ለፔልቲዬ ይባላል፤ የቬርሌን የልጅነት የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው። ሙያዬ ስለሆነ ይህችን ዐረፍተ ነገር ደጋግሜ አይቻታለሁ። ስድብ የለባትም። ክስ ለመመሥረት የሚያበቃ ቃል የለባትም። አንዲት የማዕረግ ስም ብቻ ናት። ነገር ግን ከዚያች ቀን በኋላ ልጁ በገባበት ካፌ ሁሉ ከእሱ በፊት የምትገባ እሷ ነበረች።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ትዝ ይለኛል። ስሙን አልጽፍም፤ እሱን የሚያሳውቅ ምልክትም አልሰጥም። ከ2002 እስከ 2004 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ፣ አንድ ጠባብ ካፌ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት እየተሰበሰብን ግጥም እናነብ ነበር። ካፌው የለም፤ ሰፈሩ ራሱ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። ያኔ ግን ሰባት ስምንት ሆነን ሦስት ማኪያቶ እንጋራለን፤ ባለቤቷ እትዬ ደግሞ «እናንተ ልጆች፣ ግጥም ሒሳብ አይከፍልም እኮ» ትለናለች፤ አባርራን ግን አታውቅም። ፓሪስ አልነበረም፤ ግን የእኛ ፓሪስ ነበር። ከክፍለ ሀገር የመጣም፣ ከዩኒቨርሲቲ የተባረረም፣ በቀን የሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ በማታ ባለቅኔ የሚሆንም ነበረን።

ያ ልጅ ከሁላችን ይበልጥ ነበር። ወረቀት አይዝም፤ ሁሉንም በቃሉ ይወጣዋል፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ሰው ወደ እሱ ዘንበል ብሎ እንዲሰማው ያስገድዳል። የፍቅር ግጥሞቹ አንድ የተለየ ነገር ነበራቸው። የሚያፈቅረውን ሰው የሚጠራው «እርስዎ» እያለ ነው። «መቼ መጡ? የት ዋሉ? ለምን ቆዩብኝ?» ዓይነት ነገር። እኛ በጣም ወደድንለት። ፍቅረኛን አንቱ ማለት አዲስ ነገር ነው፤ የጥንት ጨዋነት ይሸታል፤ ትንሽም ያስቃል። አንዱ ጓደኛችን «ለአሮጊት ነው እንዴ የምትጽፈው?» ብሎ ሲቀልድ እሱም ይስቅ ነበር።

የአማርኛን ጠባይ ለምናውቅ ነገሩ ግልጽ መሆን ነበረበት። አማርኛ ለሚናገሩት ሰው ፆታ ይጠይቃል። «መጣህ» ወይም «መጣሽ» ሳይሉ ማንንም መናፈቅ አይቻልም። በግሱ ጫፍ ላይ ያለችው አንዲት ፊደል ሁሉን ታወጣለች። ከዚህ ማምለጫው አንድ በር ብቻ ነው፤ አክብሮት። «እርስዎ» ወንድም ሴትም አይደለም። ያ ልጅ በቋንቋችን ሰዋስው ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል አግኝቶ እዚያ ውስጥ ይኖር ነበር። ስለ ራሱ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም፤ እሱም ነግሮኝ አያውቅም። ሰም እንዲሆን የፈለገውን ሰም አድርጌ ተቀብዬው ነበር።

ሁሉም ሰው ግን ሰምን ሳያቀልጥ አይተኛም። በ2004 ዓ.ም. አንድ መጽሔት በወሬ ገጹ ላይ አራት መሥመር አወጣ። ስም የለበትም። «እርስዎ» እያለ የሚገጥም አንድ ወጣት ባለቅኔ የሚያከብራቸው ሰው ማን እንደሆኑ ደርሰንበታልና፣ የልጁ ቤተሰብ ሽምግልና ከመላኩ በፊት አንድ ጊዜ ያስብበት፤ ይህን የመሰለ ነገር ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ካፌው ውስጥ መጽሔቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዳንዱ ሣቀ፤ አንዳንዱ ዝም አለ፤ እትዬ «ምንድን ነው?» ስትል መልስ የሰጣት የለም። እሱ በዚያ ቀን አልመጣም። በቀጣዩም አልመጣም። በዓመቱ ከአገር እንደወጣ ሰማን።

የለፔልቲዬን ዐረፍተ ነገር ባየሁ ቁጥር የማስበው እነዚያን አራት መሥመሮች ነው። ሁለቱም የተጻፉት በጥሩ ቋንቋ ነው። ሁለቱም ያስቃሉ። በትምህርት ቤት ስለ ስም ማጥፋት ሕግ ስንማር፣ የተጠቀሰው ሰው ማንነት መታወቅ አለበት ተብለናል። ስም ሳይጠሩ ሰውን ከገዛ ከተማው ማስወጣት እንደሚቻል ግን በማስታወሻ ደብተሬ ላይ የለም።

ወደ ራምቦ ልመለስ። በሐምሌ 1872 ሁለቱ ፓሪስን ጥለው ወደ ቤልጅየም፣ ከዚያም ወደ ለንደን ሄዱ። ለንደን ላይ ቋንቋ እያስተማሩ ለመኖር ሞከሩ፤ በብሪቲሽ ሙዚየም ንባብ ክፍል ዋሉ፤ ምክንያቱም እዚያ ብርሃኑም፣ ሙቀቱም፣ ቀለሙም በነፃ ነው። ይጣላሉ፤ ይታረቃሉ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 1873 ብራስልስ ላይ፣ ራምቦ ልሄድ ነው ሲለው፣ የሰከረው ቬርሌን ሽጉጥ አውጥቶ ተኮሰ፤ ጥይቱ ግራ እጁን አንጓው ላይ አገኘው። ራምቦ ክሱን ቢተውም ዳኛው ቬርሌንን ሁለት ዓመት ፈረደበት። ከፍርዱ በፊት ግን ሐኪሞች የቬርሌንን ሰውነት እንዲመረምሩ ታዝዞ ነበር፤ የሚፈልጉት የጥይቱን ሳይሆን የፍቅሩን ምልክት ነው። የቆሰለው ሌላ፣ የተመረመረው ሌላ። ያ ሽጉጥ በ2016 ፓሪስ ላይ በጨረታ በ434,500 ዩሮ ተሸጠ።

ይህን ስተርክ ቬርሌንን ጻድቅ ላደርግ አይደለም። ሰክሮ ሚስቱን የሚደበድብ፣ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ጥሎ የሄደ ሰው ነው። ራምቦንም ሲያገኘው የአሥር ዓመት ታላቁ፣ ባለትዳርና ባለዝና ነበር፤ ልጁ ደግሞ ምንም አልነበረውም። የዚህ ታሪክ እውነተኛ ተጎጂ ማቲልድ ናት የሚል አንባቢ ቢኖር አልከራከረውም። የፍቅሩ ዓይነት ለበደሉ ምክንያት አይሆንም፤ ማስተባበያም አይሆንም። በወንድና በሴት መካከልም ይህን የመሰለ ስንት አይተናል። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህ ሁሉ ሳይነገር ልጁ ለምን ዝም እንዳለ አይገባንም።

ዝምታው የሚጀምረው እዚህ ነውና። እጁ ሳይድን ወደ እናቱ እርሻ ቤት ተመልሶ በሲዖል ስላሳለፈው ወቅት የሚናገረውን መጽሐፉን ጨረሰ፤ በዚያው ዓመት ብራስልስ ታተመ። የታተመው 500 ቅጂ ሲሆን ጥቂቱን ወስዶ ለቀሪው ሳይከፍል ቀረ፤ መጽሐፉ በአታሚው መጋዘን ተከምሮ በ1901 ተገኘ። ወደ ፓሪስ ሲመለስ የቀድሞ ወዳጆቹ ጀርባቸውን ሰጡት። ቬርሌንን በወጋበት ጣት ይጠቁሙት የነበረው እሱንም ነበር። በ20 እና 21 ዓመቱ መካከል ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ አውሮፓን በእግሩ፣ ቀጥሎም ጃቫ፣ ቆጵሮስ፣ ኤደን፤ ከዚያ ሐረር።

የሐረር ደብዳቤዎቹን ያነበበ ሰው ግጥም ፈልጎ ያጣል። የቡና ዋጋ፣ የግመል ኪራይ፣ የሐሞት ምሬት። እናቱን የሚጠይቃት ስለ ብረታ ብረትና ስለ ግንበኝነት የሚያስተምሩ መጻሕፍት እንድትልክለት ነው። በ1883 ከሐረር በጻፈው ደብዳቤ፣ አንድ ወንድ ልጅ ወልዶ፣ እንደ ፈቃዱ አስተምሮ፣ መሐንዲስ ቢያደርገው ምኞቱ እንደሆነ ይናገራል። ኤደን ላይ ከአንዲት አበሻ ሴት ጋር አንድ ቤት ኖሯል። ሲሞት ያሰበው ደግሞ ለብዙ ዓመት ያገለገለውን የሐረሩን ጃሚን ነው፤ ገንዘብ እንዲደርሰው ተናዘዘለት። ታዲያ ይህን ሰው በአንድ ቃል ጠርተን የምንገላገለው እንዴት ነው? ሴቲቱን ጠቅሰን ቬርሌንን መሰረዝ አንችልም፤ ቬርሌንን ጠቅሰንም ሴቲቱን መሰረዝ አንችልም። ሰው ማለት ይህ ነው።

በዚህ ግማሽ አነጋገር እኛ ብቻ ነን እንዳይባል። ከሞተ በኋላ እኅቱ ኢዛቤልና ባሏ የቅዱስ ገድል ሊያስመስሉ የሕይወት ታሪኩን አለሳልሰው፣ ደብዳቤዎቹንም ነካክተው ነው ያቀረቡት። በ2020 ደግሞ ራምቦና ቬርሌን ፈረንሳይ ታላላቆቿን በምታሳርፍበት በፓንቴዎን አብረው ይቀበሩ የሚል ፊርማ ተሰበሰበ፤ የቀድሞ የባህል ሚኒስትሮች ሳይቀሩ ፈረሙ። ቤተሰቡ ተቃወመ፤ አብረው ከገቡ ሰው ሁሉ የተፋቀሩ ናቸው ይላል የሚል ሥጋት ተሰማ። ሌሎች ደግሞ ሽጉጥ የተማዘዙ ሰዎችን እንደ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ማስተኛት ምን ይባላል አሉ። ፕሬዚዳንት ማክሮን በ2021 መጀመሪያ የቤተሰቡን ፈቃድ አክብረው ሐሳቡን አልተቀበሉትም። ራምቦ እስካሁን ያለው ሻርልቪል፣ ካመለጣት እናቱ አጠገብ ነው።

ፓሪስ፣ ኦርሴ ሙዚየም ውስጥ ፋንታን ላቱር በ1872 የሣለው አንድ ሥዕል አለ። ገጣሚዎች በአንድ ገበታ ዙሪያ ተሰብስበዋል። በግራ ጥግ ቬርሌንና ራምቦ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ልጁ አገጩን በእጁ ደግፎ ሌሎቹን ጀርባ ሰጥቷቸዋል። በቀኝ ጥግ አንድ ትልቅ የአበባ ማሰሮ አለ። ሠዓሊው በዚያ ቦታ ሊሥል ያሰበው አልቤር ሜራ የተባለ ገጣሚ ነበር፤ ሜራ ከእነዚህ ከሁለቱ ጋር በአንድ ሥዕል አልታይም ብሎ እምቢ አለ፤ ሠዓሊውም አበባ ተከለበት። በጊዜው የተከበረው ሜራ ነው። ዛሬ ስሙን የሚያነሣው ሰው የሚያነሣው ስለ አበባው ነው።

የእኛ ካፌ ገበታ ላይ ግን የተነሣው ሌላው ወገን ነው፤ አበባም አልተተከለበትም። ባለፈው ዓመት ያ ልጅ ስልክ ደወለልኝ፤ ልጅ ስለው ጎልማሳ ሆኗል፤ እንግሊዝኛ በሚነገርበት አንድ ከተማ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ስለ ዶሮ ማነቂያ መፍረስ ጠየቀኝ፤ ስለ እትዬም ጠየቀኝ። እኔም መጠየቅ የምፈልገውን ጠየቅሁት፦ «ትጽፋለህ?»

ትንሽ ዝም አለ። «እዚህ አንተም፣ አንቺም፣ እርስዎም አንድ ቃል ነው» አለኝ።

«ታዲያ ለአንተ አይቀልም?»

«ይቀላል። ግን እኔ ሰው የምናፍቀው በአማርኛ ነው።»

ራምቦ ግጥም የተወው ሐረር መጥቶ አይደለም፤ ሐረር የደረሰው ዝምታው ነው። ያንን ዝምታ በስሙ ቤት አሰናድተን፣ ቲኬት ቆርጠን እናስጎበኛለን። የራሳችንን ዝም ያሰኘናቸውን ደግሞ ሌሎች ከተሞች በመጋዘኖቻቸው ይዘዋቸዋል።